እናቴ ጠርጥራለች፤ አሁን ልንገራት ወይስ ከፈተና በኋላ?

የደሴዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 17 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነው የምኖረው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። ከአምና ጀምሮ ከክፍሌ ልጅ ጋር እንዋደዳለን። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን ነው።

እኛ ቤት ይሄ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የአያቴ ወንድም ክርስቲያን ነው። ለፋሲካ እነሱ ቤት ስንሄድ ሙስሊም ያረደው በግ ይጠብቀናል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። ለአረፋ ሲመጡ እኛም ለእነሱ እንደዚያው እናደርጋለን። እንዲህ እየኖርን እኔ ስለዚህ ልጅ ትንፍሽ ማለት አልችልም።

የምንገናኘው ከትምህርት ቤት ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻ ነው። እሱ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው። ሰው ሲቀንስ ጎን ለጎን እንሄዳለን። ባለፈው አንዲት የእማ ጓደኛ ባጃጅ ውስጥ ሆና አየችን። ማታ እማ የቡና ስኒ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ማነው አብሮሽ የሚሄደው?» አለችኝ። «የክፍሌ ልጅ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኬ የሚያድረው እሷ ትራስ ሥር ነው።

ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። የእሱን ፍቅረኛ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃታል። እማ ራሷ «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ትለዋለች። የእሱ ሲሆን ጨዋታ ነው፣ የእኔ ሲሆን የቤቱ ስም ይጠፋል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አባቴ ሪያድ ነው፣ አርብ አርብ በኢሞ ይደውላል። እማ ትነግረዋለች ብዬ እሰጋለሁ። ከትምህርት ቤት ያስቀሩኛል ብዬም እፈራለሁ። ወላሂ የሚያሳፍር ነገር አላደረግንም። ግን እናቴን እየሸሸሁ መኖር ከበደኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እናት ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ የአንቺ እኩያ ሴት ልጅ አለችኝ። እናትሽ ስልክሽን ወሰደች እንጂ አልጮኸችብሽም፣ ለአባትሽም አልተናገረችም። በእኔ ግምት እንድትነግሪያት እየጠበቀች ነው። ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገሪያት። ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት አይሁን።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ ወሎዬዎች ተዋደን መኖራችን እውነት ነው። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን በእኛ ሃይማኖት ሙስሊም ሴት ክርስቲያን አታገባም። የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል የምታደርሰው ለአማኞቿ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ሃይማኖቱን መቀየሩ አይቀርም፣ እሱ ደግሞ ከቤተሰብ ያቆራርጣል። እናትሽ እንቅልፍ የምታጣው ይህን አስባ ነው። አንቺ ዛሬ ስለ ጋብቻ እያሰብሽ እንዳልሆነ ከአፍሽ ትስማው።

የወንድምሽ ነገር እውነትሽን ነው። እኔም ቤት አለ፣ ደስ አይለኝም።

ልጅ ከወልዲያ

እህቴ፣ ከእናታችን ሐሳብ ትንሽ ልለይ። እኔ ከፈተናው በፊት ባትነግሪያት እላለሁ። በ2016 ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። ቤቱ ተረብሾ አንቺ ስታለቅሺ ከርመሽ ምኑን ታጠኚዋለሽ?

እኔም 12ኛ ክፍል ሆኜ ሙስሊም ልጅ እወድ ነበር። ቤተሰቦቿ ከሰው አፍ ሰሙ። በሳምንቱ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ላኳት። ደብተሯ እኔ ጋ ቀረ፣ የምልክበት አድራሻ እንኳ አልነበረኝም። እስከ ፈተናው በመንገድ ላይ መገናኘቱን ተዉት። ልጁ ከልቡ የሚወድሽ ከሆነ ይገባዋል።

እናት ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አንተ ራስህ እኮ መለስከው። ከሰው አፍ ስለሰሙ ነው የላኳት። የዚህችን ልጅ እናት ደግሞ ጓደኛዋ ነግራታለች፣ ወሬው ደጃፍ ደርሷል። ከሰው የሰማችውን ከልጇ ብትሰማው ይሻላል።

ሕግ ተማሪ

እህት፣ ምናልባት «እንዳራት» የሚል ሐሳብ ከመጣ ይህን እወቂ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። በወረዳሽ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ ይሰሙሻል። ለትምህርት ቤት መምህር መናገርም ይቻላል።

የደሴዋ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለመዳር የሚያስብ ሰው እኛ ቤት የለም፣ ግን ማወቄ ጥሩ ነው። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ልጁን አናገርኩት። እስከ ፈተናው በመንገድ ላይ ላንገናኝ ተስማምተናል፣ ከፋው ግን እሺ አለ። ለእማ አርብ አባቴ ከመደወሉ በፊት እነግራታለሁ። ለአባቴ ራሷ ከምትነግረው ከእኔ ጋር ሆና ብትነግረው እለምናታለሁ። ስለ ወንድሜም እጠይቃታለሁ። እሱን ሳልጠይቅ አልነሳም።