ጮቄ ሞቀ፣ አባይ በረሃ ቀዘቀዘ የሚል ካርታ ወጣልኝ፤ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ጥያቄ፦ የጮቄ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ በምሥራቅ ጎጃም ላይ ነው። የቆላ፣ የወይና ደጋ፣ የደጋና የውርጭ ድንበር ባለፉት አሥርት ዓመታት ምን ያህል ወደ ላይ እንደተገፋ በካርታ ላሳይ ነው። ለድሮው ወርልድክላይም የተባለውን ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መረጃ የ1970–2000 አማካይ ሙቀት (ባለ 1 ኪ.ሜ. ፒክስል)፣ ለቅርቡ ደግሞ ኢራ-5 ላንድ የተባለውን በሞዴል የተሰላ መረጃ የ1991–2020 (9 ኪ.ሜ. ገደማ) ተጠቀምኩ። ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው። ኬልቪኑን ወደ ሴልሺየስ ቀይሬያለሁ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። አንዱን ከሌላው ስቀንስ ግን የጮቄ አናት ከ3 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው ገደል ቀዝቅዞ ቁጭ አለ። አማካሪዬ «ይህን ለገበሬ ብታሳዪው ይስቅብሻል» ብሎኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ራስተር 37

አማካሪሽ እውነቱን ነው። ያወጣሽው የከፍታ ካርታ እንጂ የሙቀት ለውጥ ካርታ አይደለም።

እንዲህ አስቢው። በ1 ኪ.ሜ. መረጃ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ለብቻው ይታያል። በ9 ኪ.ሜ. ፒክስል ግን አናቱ ከጎኑ ካለው ተዳፋት ጋር ተደባልቆ፣ አማካይ ከፍታው ለምሳሌ 3,500 ሜትር ይሆናል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የ500 ሜትር ልዩነት ብቻውን 3.25 ዲግሪ ያመጣል። «ሞቀ» ያልሽው ይኸው ነው። አባይ ሸለቆ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ያለው የገደሉ ወለል ከላይኛው ሜዳ ጋር ስለሚቀላቀል የቀዘቀዘ ይመስላል።

ካላመንሽኝ ፈትኚው። የኤስአርቲኤምን ዴም (ከጠፈር የተለካ የመሬት ከፍታ መረጃ) አንዴ ወደ 1፣ አንዴ ወደ 9 ኪ.ሜ. አማካይ ቀይሪ። በካርታ ሶፍትዌሩ በኪውጂአይኤስ ራስተር ካልኩሌተር (ካርታን ፒክስል በፒክስል የሚያሰላው) አንዱን ከሌላው ቀንሺና በ0.0065 አባዢው። ከካርታሽ ጋር መንታ ይሆናል።

መፍትሔው፦ ለውጡን ከአንድ መረጃ ብቻ አውጪ። ኢራ-5 ላንድ ከ1950 ጀምሮ ስላለ 1991–2020ን ከዚያው ከ1970–2000 ጋር አነጻጽሪ (የሚደራረቡት ዓመታት ለውጡን ያሳንሱታል፣ ጽሑፍሽ ላይ ግለጪው)። ልዩነቱን በባይሊኒየር (ከጎረቤት ፒክስሎች አማካይ በማውጣት) ወደ 1 ኪ.ሜ. አለስልሺና በወርልድክላይሙ ላይ ደምሪው። ዝርዝሩን ከወርልድክላይም፣ ለውጡን ከኢራ ትወስጃለሽ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ቆላና ደጋውን የከፈልሽው በከፍታ ነው በሙቀት?

የጮቄ ልጅ

በከፍታ ነበር። 1,500፣ 2,300፣ 3,200 ሜትር።

ራስተር 37

እንግዲያውስ መቶ ዓመት ቢሞቅም ድንበርሽ አይነቃነቅም፤ ተራራው ባለበት ነውና! ግብርና ሚኒስቴር ከከፍታው ጎን የሙቀት ወሰንም አስቀምጧል፦ ውርጭ ከ11.5 ዲግሪ በታች፣ ደጋ እስከ 17.5፣ ወይና ደጋ እስከ 20፣ ቆላ እስከ 27.5፣ ከዚያ በላይ በረሃ። በነዚህ ክፈዪ። አንድ ዲግሪ ሲሞቅ መስመሩ ወደ 150 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ቆላ ወደ ላይ የሚሄድበት መሬት አለው፤ ውርጭ ግን ከአናቱ በላይ መሄጃ የለውም፣ ያልቃል። እኔ ብሆን የጽሑፉን ግማሽ እዚህ ላይ አደርገው ነበር።

መልስ፦ ሰሜን ኮከብ

ለምን ትደክሚያለሽ፣ የኮፐን-ጋይገር ካርታ (ዓለምን በአየር ንብረት ዓይነት የሚከፍለው) ከ1901 እስከ 2020 በ1 ኪ.ሜ. ተሠርቶ በነፃ ይወርዳል።

ራስተር 37

ለአገር አቀፍ ሥራ ይሁን። ግን ኮፐን አዲስ አበባንና ደብረ ብርሃንን አንድ ቀለም ነው የሚቀባቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው በዚህ አይስማማም። ለጎጃም ገበሬ ወሳኙ የወይና ደጋና የደጋ ወሰን እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

መልስ፦ የድሮ ታዛቢ

ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ነው። ከሳተላይትና ከሞዴል በፊት ቴርሞሜትሩን ጠይቂ። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የደብረ ማርቆስን ዕለታዊ መረጃ በደብዳቤ ጠይቂና ከኢራው ጋር አስተያዪው። ሲደርስሽ መጀመሪያ የምታዪው ጣቢያው ቦታ ቀይሮ እንደሆነ ነው። ከሜዳ ወደ ግቢ ከገባ፣ ዙሪያው ቤትና አስፋልት ከሆነ፣ ግራፉ ባንድ ዓመት ደረጃ ይዘላል። ያ የአየር ንብረት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ብዙ ጣቢያ መዝገቡ ተቋርጧል፤ ክፍተቱን በአማካይ እንዳትሞዪው። ኢንስቲትዩቱ ክፍተቱን ለማካካስ ጣቢያና ሳተላይት አዋህዶ ያዘጋጀው ባለ 4 ኪ.ሜ. መረጃም አለ፣ አብረሽ ጠይቂ።

ደግሞ የቀኑንና የሌሊቱን ለይተሽ ሥሪ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ መርሐ ግብር በ55 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ገደማ እንደጨመረ አስፍሯል። አማካይ ብቻ ከያዝሽ የሌሊቱ ነገር ይሸፈንብሻል፤ ውርጭ የሚመታው ደግሞ ሌሊት ነው።

መልስ፦ ልማት ጣቢያ

ከወረዳ ግብርና ጽ/ቤት የሰብል መረጃ ወስደሽ «ገብስ ለቀቀ፣ ስለዚህ ሞቀ» እንዳትዪ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማን እዪ፤ የእህል ማሳው ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት) የሆነው መሬቱ ስለኮመጠጠና ከሰል ስለሚያዋጣ ነው። ባሕር ዛፉም፣ የተሻሻለው ዘርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሰብሉን ከካርታው ጋር አነጻጽሪው እንጂ ማስረጃ አታድርጊው። የወረዳው ሰነድ ዓመቱን በእኛ ቆጠራ ስለሚጽፍ ከፈረንጁ ጋር ስታገናኚ ተጠንቀቂ፣ የ2007 ምርት ከ2014 መስከረም ጀምሮ ነው።

የጮቄ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናውን ሠራሁት፣ እውነትም መንታ ናቸው። በአዲሱ መንገድ ሸለቆውም አናቱም ሞቀዋል፣ ልዩነቱም ለስላሳ ነው። ጋሼ፣ ደብዳቤውን አጽፌያለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ አንዳንድ ጽሑፍ ደጋን እስከ 16 ዲግሪ ብቻ ይወስዳል። የቱን ልያዝ?

ራስተር 37

ሁለቱንም። በ16ም በ17.5ም ሠርተሽ የየዞኑን ስፋት በሁለት ዓምድ አስቀምጪ። በሁለቱም ደጋ ከጠበበ ማንም አይከራከርሽም፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ለውጡን የፈጠረው የወሰን ምርጫው ነው፣ እሱንም ጻፊው። ስፋቱን ከማስላትሽ በፊት ግን ካርታውን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ቀይሪ፤ በዲግሪ ላይ ያለ ራስተር ሄክታር አይሰጥሽም።

የድሮ ታዛቢ

መረጃው ሲደርስሽ የጣቢያውን ታሪክ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።