ሁሉም አውቶማቲክ ከሆነ የኦፕሬተሩ ሥራ ምንድን ነው?

አዲሱ ኦፕሬተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ነው የምሠራው። ፓምፑም፣ ቫልቩም፣ የኬሚካል መጠኑም በራሱ ይስተካከላል። እኔ ስክሪን አያለሁ፣ በቃ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ዓይኔ እዚያው ነው፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ። አላርሙ ሲጮህ ያድራል፣ እኔም ሳላነበው አጠፋዋለሁ። የምር ችግር ቢመጣ ምን እንደምነካ እንጃ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮ ሰው፦ አይዞህ፣ ስንፍና አይደለም። ዝም ብሎ የሚያፈጥ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምልክት ማሳለፍ እንደሚጀምር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተፈትኖ ታይቷል። ስለዚህ አታፍጥጥ፤ ገምት። ታንኩ እየሞላ ነው? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንት እንደሚደርስ ወረቀት ላይ ጻፍና ጠብቅ። ካልገጠመ ወይ አንተ ወይ ሴንሰሩ ተሳስታችኋል።

ቴክኒሻኑ፦ እኔ የምጨምረው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ምን እንደሚል እወቅ። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ፣ የአንድ ቫልቭ ጠቋሚ መብራት ስለጠፋ ኦፕሬተሮቹ ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው። መብራቱ የሚናገረው ግን የመዝጊያው ትእዛዝ መሄዱን ብቻ ነበር። ቫልቩ እንደተከፈተ ቀርቶ የማቀዝቀዣው ውሃ ከ2 ሰዓት በላይ ፈሰሰ። አንተ ጋ "ተዘግቷል" ሲል የታዘዘውን ነው ወይስ የሆነውን? በቀን ፈረቃ ቴክኒሻን ይዘህ ቫልቮቹ ዘንድ ውረድ፣ አንድ በአንድ ጠይቅ።

አዲሱ ኦፕሬተር፦ ይሄን አስቤው አላውቅም። አላርሙንስ ምን ላድርገው?

የፈረቃ ኃላፊ፦ ደጋግመው የሚጮኹትን መዝግብ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቶቹ ናቸው የሚረብሹት፤ ለምሳሌ ንባቡ ገደቡ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ሴንሰር። ኦፕሬተሩ ምንም የማያደርግበት ነገር አላርም መሆን የለበትም። ግን ገደቡን ራስህ እንዳትነካ! ዝርዝሩን ለኃላፊህ በጽሑፍ ስጥ።

ሌላ አባል፦ አልፎ አልፎ ማኑዋል አድርገው፣ በእጅህ ሥራው። እጅ ይረሳል።

የድሮ ሰው፦ ልክ ነህ፣ ግን ሌሊት ብቻውን አይሞክራት። አውቶማቲኩ የሚለቅህ ነገሩ ሲበላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 የፍጥነት መለኪያ በበረዶ ተደፍኖ ኦቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው) ለቀቀ፤ አውሮፕላኑ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ውቅያኖስ ገባ። ለዚህ ነው ልምምዱ የሚያስፈልገው። በቀን፣ ኃላፊው አጠገብህ ቆሞ፣ ከአንድ ፓምፕ ጀምር። ኬሚካሉን ለመጨረሻ አቆየው።