አንሲብል፦ ቡሬ ላይ ብቻ ዲኤንኤስ ይጠፋል (ዲክሽነሪ በዲክሽነሪ ውስጥ)

ጥያቄ
ሰላም ጎበዝ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉትን የቅርንጫፍ ሰርቨሮች በአንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያዋቅር መሣሪያ)፣ በአንድ ፕሌይቡክ (የሥራ ትእዛዞች ፋይል) ነው የማዋቅረው። የጋራውን በግሩፕ ቫርስ (የቡድን ዋጋዎች)፣ «ኦል» በሚለው ፋይል እንዲህ አስቀምጫለሁ፦

ኔትዎርክ:
  ዲኤንኤስ: 10.20.0.2
  ኤንቲፒ: 10.20.0.3
  ጌትዌይ: 10.20.0.1

የቡሬ ጌትዌይ ስለሚለይ በቡሬ ሆስት ቫርስ (የአንድ ሰርቨር ብቻ ዋጋዎች) ውስጥ «ኔትዎርክ» ብዬ ከሥሩ ጌትዌዩን ብቻ፣ 10.20.4.1፣ ጻፍኩ። ሦስቱ ያልፋሉ፤ ቡሬ ላይ ግን ቴምፕሌቱ (ዋጋዎቹ የሚሞሉበት ፋይል) «ዲክት ኦብጀክት ሃዝ ኖ አትሪቢዩት ዲኤንኤስ»፣ ማለትም ዲክሽነሪው ዲኤንኤስ የለውም፣ ብሎ ይቆማል። ታብ የለበትም፣ ኢንደንቱም ልክ ነው።

መልስ 1
ያምሉ (ፋይሎቹ የተጻፉበት ቅርጽ) ጤነኛ ነው። አንሲብል በአንድ ስም ሁለት ዲክሽነሪ (የቁልፍና የዋጋ ጥንዶች ስብስብ) ሲያገኝ አያዋህዳቸውም፤ ቅድሚያ ያለው ሌላውን ከነሥሩ ይተካዋል። ሆስት ቫርስ ከግሩፕ ቫርስ ስለሚቀድም ቡሬ ዘንድ «ኔትዎርክ» ማለት ጌትዌይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

«ሃሽ ቢሄቪየርን (ዲክሽነሪዎች ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ የሚወስነውን የአንሲብል ኮንፊግ) መርጅ አድርገው» የሚልህ ይኖራል። ተው፣ አታድርገው። የዚህን ዲክሽነሪ ብቻ ሳይሆን የፕሮጀክቱን ሁሉ ጠባይ ይለውጣል፤ ከሌላ ሰው የወሰድካቸው ሮሎች (ዝግጁ የሥራ ጥቅሎች) መተካትን ታሳቢ አድርገው ስለተጻፉ ድምፅ ሳያሰሙ ይበላሻሉ። ያ ኮንፊግ በሌለበት ላፕቶፕ ደግሞ ያው ፕሌይቡክ ሌላ ውጤት ይሰጣል።

ይልቅ ስሞቹን ለያቸው። የጋራውን «ኔትዎርክ_መነሻ»፣ የቡሬውን «ኔትዎርክ_ቅርንጫፍ» በል፤ ከዚያ «ኦል» ፋይል ውስጥ ሁለቱን በኮምባይን አዋህዳቸው፦

ኔትዎርክ: "{{ ኔትዎርክ_መነሻ | ኮምባይን(ኔትዎርክ_ቅርንጫፍ | ዲፎልት({}), ሪከርሲቭ=ትሩ) }}"

ዲፎልቱን እንዳትረሳ፤ የራሳቸው ልዩነት የሌላቸው ሦስቱ ሰርቨሮች የሚያልፉት በእሱ ነው። ሪከርሲቩ ከሌለ የሚዋሃደው የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው። ስሙን ሳትለውጥ «ኔትዎርክ»ን ከራሱ ጋር ኮምባይን ብታደርገው ደግሞ ራሱን እየጠራ «ሪከርሲቭ ሉፕ» ይልሃል።

መልስ 2
ከላይ ያለው ትክክል ነው። ፕሌይቡኩን ከማስኬድህ በፊት ግን የደረሰውን ዋጋ በዓይንህ እየው፦ አንሲብል ቡሬ -ኤም ዲበግ -ኤ ቫር=ኔትዎርክ። በአንሲብል ኢንቬንተሪ «ሆስት» ብለህ ብታይ የምታገኘው ያልተፈታውን ቅንፍ ነው፤ የተዋሃደውን የሚያሳይህ ዲበግ ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዲኤንኤሱ መጣ። አሁን ደግሞ ቴምፕሌቱ ውስጥ ቪላኖቹን (በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ የተለዩ ንዑስ ኔትዎርኮች) የሚዞረው ፎር ላይ «ስትር ኦብጀክት ሃዝ ኖ አትሪቢዩት አይዲ» ይላል። መነሻው ላይ ሁለት ቪላን አለ፤ ቡሬ ላይ አንድ ልጨምር ብዬ፦

  ቪላን:
    አይዲ: 010
    ስም: ሒሳብ

መልስ 3
ጭረቷ ቀርታለች ወንድሜ። ጭረት ከሌለ ሊስት (ተራ ዝርዝር) ሳይሆን ዲክሽነሪ ነው። የጂንጃ (የቴምፕሌቱ ቋንቋ) ፎር ዲክሽነሪ ሲሰጡት ቁልፎቹን ነው የሚዞረው፤ መጀመሪያ የሚያገኘው «አይዲ» የሚለውን ቃል ራሱን ነው፣ ቃል ደግሞ አይዲ የለውም። «ስትር» ያለህ ለዚህ ነው። ታስኩ ላይ በሉፕ ብታዞረው ኖሮ ሊስት አይደለም ብሎ ወዲያው ይመልስህ ነበር፤ ፎር ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። እንዲህ አርመው፦

  ቪላን:
    - አይዲ: 10
      ስም: ሒሳብ

«ስም» ከ«አይዲ» ትይዩ ይሁን እንጂ ከጭረቷ ትይዩ አይሁን። 010ንም ተወው፤ በዜሮ የጀመረውን ያምል በስምንት ቤት ስለሚቆጥረው ቪላን 8 ይሆንብሃል።

ጭረቷን ስትመልስ መነሻው ላይ ያሉት ሁለቱ ይጠፉብሃል። ሪከርሲቭ የሚያዋህደው ዲክሽነሪን ነው፣ ሊስትን ይተካል። ኮምባይኑ ውስጥ ሊስት_መርጅ='አፔንድ' ጨምርበት፤ ከአንሲብል 2.10 ጀምሮ አለ። ከዚያ ዲበጉን ድገመው፤ ቡሬ ላይ ሦስት ቪላን፣ ሌሎቹ ላይ ሁለት ሁለት ካየህ ፕሌይቡኩን መጀመሪያ በቼክና በዲፍ (ምንም ሳይለውጥ የሚለወጠውን ብቻ እንዲያሳይ)፣ ለቡሬ ብቻ ሊሚት አድርገህ አስኪደው።