የሽምብራ ነቀዝ ወንዴና ሴቴ በምን ይለያል? ለመመረቂያ ጥናቴ እርዱኝ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። እናቴ ጎታ ውስጥ ያስቀመጠችው ሽምብራ በነቀዝ አለቀ። እጄን ስከት አቧራ ብቻ ሆኖ ወጣ። እሱን አይቼ ነው የጥናቴን ርዕስ የቀየርኩት። የሽታ ጂኖች፣ ማለትም ለማሽተት የሚያገለግሉት፣ በወንዴና በሴቴ ይለያዩ እንደሆነ ላጠና ነው። ገና ከመነሻው ግን ተቸገርኩ። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ጥቃቅን ናቸው። በምን ልለያቸው? ደግሞስ ሴቴዋ የሌላት ጂን ወንዴው ጋ አለ ማለት ነው?

ከደሴ፣ ሆጤ፦ እህቴ፣ አንቴናውን እዪ። የወንዴው እንደ ማበጠሪያ ረጃጅም ጥርስ አለው። የሴቴዋ እንደ መጋዝ ነው፣ ጥርሱ አጭር። በእጅ ማጉያ መነጽር ይታያል። ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫቸው፣ አለዚያ ይበሩብሻል።

ከጎታው አፍሰሽ ግን እንዳትሠሪ። እነዚያ ተገናኝተዋል፣ ዕድሜያቸውም አይታወቅም። ሁለቱም የሽታ ጂኖችን ሥራ ሊቀይሩ ይችላሉ። አንድ እንቁላል ብቻ የተለጠፈበትን ሽምብራ ምረጪ፤ ነጭ ነጥብ ሆኖ ፍሬው ላይ ይታያል። እያንዳንዱን ለብቻው ብልቃጥ ውስጥ አድርጊ። በስቶ ሲወጣ ድንግል ነው። እዚያው ኮምቦልቻ አርቢው። ደሴ ብርድ ነው፣ ዕድገቱ ይጎተታል።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። ባብዛኛው ጂኑ ሁለቱም ጋ አለ። የሚለየው የትኛው ፆታ ላይ አብዝቶ እንደሚሠራ ነው። በሽምብራ ነቀዝ ሽታ የምትለቀው ሴቴዋ ናት፤ ወንዴው ሽታዋን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ያንን ሽታ የሚይዘው ተቀባይ ወንዴው አንቴና ላይ በርትቶ ይሠራል ብለሽ መነሳት ትችያለሽ። ሴቴዋ ደግሞ እንቁላል የምትጥልበትን ፍሬ መምረጥ አለባት። ይሄን ግን ለሁሉም ነቀዝ እንዳትወስጂው። በበቆሎ ነቀዝ ሽታ የሚለቀው ወንዴው ነው፤ ወንዱም ሴቱም ይሰበሰቡበታል።

የአንድ ነቀዝ አንቴና ኢምንት ነው። የብዙዎቹን ቆርጠሽ አንድ ላይ ሰብስቢ። ለየፆታው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ስብስብ ይኑርሽ። እግራቸውንም ለማነጻጸሪያ ያዢ፤ አለዚያ ጂኑ በእርግጥ የሽታ ሥራ ይሥራ አይሥራ አታውቂም። የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ የምታዪበት አር ኤን ኤ ቶሎ ይፈርሳል። እንደቆረጥሽ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ክተቺው። እኔ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የሦስት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገብቷል።

የእህል ነጋዴ፦ የኔ ልጅ፣ የጂኑን ነገር አላውቅም። የእናትሽ ሽምብራ ግን አንጀቴን በላው። ጎታውን ሳያጸዱ አዲስ እህል እንዳይጨምሩበት፤ ስንጥቁ ውስጥ ይደበቃል። ሽምብራውን በደንብ አድርቀው ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት ውስጥ ይክተቱት። ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእናቴም ነገርኳት። ማጉያ ተውሼ አየሁ። ከስድስቱ ሁለቱ ላይ ማበጠሪያው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ፍሬዎቹንም በብልቃጥ ደርድሬያለሁ። ማቆያ ፈሳሹን እዚህ አካባቢ የት እንደማገኝ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።