ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል አንድ ሪሴፕተር ላይ እየሠሩ ፍሉማዜኒል ለምን አንዱን ብቻ ይመልሳል?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዓርብ ስለ ጋባ-ኤ ሪሴፕተር (ነርቭን የሚያረጋጋው ኬሚካል፣ ጋባ፣ የሚሠራበት ፕሮቲን) የቡድን ፕሬዘንቴሽን አለብን። አምስት ሳብዩኒት (ተገጣጥመው ሪሴፕተሩን የሚሠሩ ክፍሎች) እያለው ጋባ ሁለት ቦታ፣ ዲያዜፓም ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዘው ለምንድን ነው? ፍሉማዜኒል የተባለው ማርከሻ የሁለቱን ማስታገሻዎች ሳይሆን የዲያዜፓምን ሥራ ብቻ ለምን እንደሚመልስም (የርዕሱ ጥያቄ) አልገባንም። የቻላችሁ አስረዱን።

አሞራ ገደል፦ መጀመሪያ ሥዕሉን አስተካክይ። ሪሴፕተሩን ከሴሉ ውጭ ሆነሽ እያየሽ፣ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ጋማ2፣ ቤታ2፣ አልፋ1፣ ቤታ2፣ አልፋ1 ብለሽ ክብ ሥሪ። አንጎል ውስጥ በብዛት ያለው ይሄ ነው፤ መሃሉ ላይ የክሎራይድ ቀዳዳ (ቻናል) አለ። ጋባም ዲያዜፓምም የሚይዙት በሁለት ሳብዩኒቶች መገናኛ ላይ ነው። በዚያው አዟዟር ከቤታ ወደ አልፋ የምታልፊበት መገናኛ ሁለት ነው፤ የጋባ ቦታ እሱ ነው። ከአልፋ ወደ ጋማ ግን አንዴ ብቻ፤ ዲያዜፓም እዚያ ነው።

ብዙ ተማሪ ከአልፋ ወደ ቤታ የሚታለፍበትንም ይደምርና ለጋባ ሦስት ቦታ ይቆጥራል። ፊቱ ስለተገለበጠ ያ ሌላ መገናኛ ነው።

መምህሩ ሌሎቹን የአልፋ ዓይነቶች፣ አልፋ4ን ወይም አልፋ6ን ካነሳ፦ አልፋ1፣ 2፣ 3 እና 5 ላይ ለዲያዜፓም ወሳኝ የሆነ ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። በ4 እና በ6 ላይ ቦታውን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ አርጂኒን፣ ስለያዘው ዲያዜፓም አይሠራባቸውም።

ሌሊት ተረኛ፦ ወደ ርዕሱ ልምጣ። ዲያዜፓም ያለ ጋባ ቻናሉን አይከፍትም፤ ጋባ ሲኖር ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል። ፌኖባርቢታል አንዴ የተከፈተው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ዶዙ ሲበዛ ደግሞ ያለ ጋባም ይከፍተዋል። ትንፋሽ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ዲያዜፓምም ከአረቄ ወይም ከሞርፊን ጋር ሲገናኝ ይገድላልና «አያሰጋም» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ፍሉማዜኒል ዲያዜፓምን ከወንበሩ ያስነሳል እንጂ ቻናሉን አይዘጋም። ፌኖባርቢታል የሚይዘው ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ሪሴፕተሩ የሴሉን ሽፋን በሚያቋርጥበት ክፍል ስለሆነ አይነካውም። ለማደንዘዣ የተሰጠን ቤንዞዲያዜፒን (የዲያዜፓም ወገን መድኃኒት) ለመመለስ ፍሉማዜኒል በደም ሥር 0.2 ሚ.ግ. ተሰጥቶ፣ ካልነቃ በየደቂቃው ይደገማል፤ ጠቅላላው እስከ 1 ሚ.ግ. ነው። ግማሽ ዕድሜው (ደም ውስጥ ያለው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) አንድ ሰዓት ገደማ፣ የዲያዜፓም ግን ከ20 ሰዓት በላይ ስለሆነ የነቃው ሰው ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ክትትሉ አይቋረጥ። ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ወይም አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የዋጠ ሰው ላይ ደግሞ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።

የታቦር ልጅ፦ እናመሰግናለን! ዲያዜፓም መንቀጥቀጥ ለማስቆምም ይሰጣል፤ መንቀጥቀጡ ሲረዝም እምቢ የሚለውስ ለምንድን ነው?

አሞራ ገደል፦ መንቀጥቀጡ ሲቀጥል ጋማ2 ያላቸው ሪሴፕተሮች ከሲናፕስ (ነርቭ ሴሎች ከሚገናኙበት ቦታ) ተነስተው ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባሉ። ዲያዜፓም የሚይዘው ቦታ ያንሳል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዶዝ መዘግየት የለበትም።

ሌሊት ተረኛ፦ ባክሎፈን የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ከዚህ ስላይድ አውጡት። እሱ ጋባ-ቢ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጋባ-ቢ ራሱ ቻናል ሳይሆን፣ ጂ-ፕሮቲን በተባለ የሴል ውስጥ መልእክተኛ በኩል የፖታሲየምን ቻናል የሚያስከፍት ሪሴፕተር ነው።