የኖርፎክ መስፍንነት አራት ሴቶች ልጆችን አልፎ ለምን ሄደ?

የሂርማታዋ፦
የንግሥት ኤልሳቤጥን ቀብር በ2022 ያስተባበሩት የኖርፎክ መስፍን መሆናቸውን ከሰማሁ ወዲህ፣ የመስፍኖቹን ቤተሰብ የሐዋርዶችን የትውልድ ሐረግ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ከ1483 ጀምሬ እየሣልኩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለት ቦታ ቆምኩ። አራተኛው መስፍን በ1572 ተሰየፈ፤ አምስተኛው የመጣው ግን በ1660 ነው። በመካከሉ ማን ነበር? ሁለተኛው ይበልጥ ከንክኖኛል። 16ኛው መስፍን በርናርድ በ1975 ሲሞቱ አራት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ማዕረጉን የወሰዱት ግን ማይልስ የሚባሉ ዘመድ ናቸው። እኛም አራት እህትማማቾች ነን። አባታችን ሲያርፍ ማና ያለውን የቡና መሬት እኩል ተካፈልን። ለቅሶ ላይ አንድ አዛውንት «ወንድ የሌለው ቤት ስሙ ጠፋ» ያሉት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጡረተኛ መምህር፦
እህቴ፣ ሥዕልሽ አልተሳሳተም። አራተኛው መስፍን የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን ለማግባት አስቦ፣ በኋላም በሴራ ተከሶ ነው የተሰየፈው። በክህደት የተፈረደበት ሰው ማዕረጉንም ያጣ ነበር። ዘሩ ስላልጠፋ በ1660 ፓርላማው ከእሱ አራተኛ ትውልድ ለሆነው ለቶማስ መለሰለት።
የበርናርድ ጉዳይ እንዲህ ነው፤ ይህ ማዕረግ የሚወርደው በወንድ ሐረግ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ከታጣ ወደ ላይ ተወጥቶ ሌላ የወንድ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። አባታቸውን 15ኛውን፣ አያታቸውን 14ኛውን፣ ቅድመ አያታቸውን 13ኛውን ቁጠሪ። ሐረጉ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው። የ14ኛው ታናሽ ወንድም ኤድዋርድ የግሎሶፕ ባሮን ሆነ፤ ማይልስ የእሱ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር እነሱ ለማዕረግ ይቆጥራሉ።

ከጅሬን፦
የእኛም የጅማ ነገሥታት ሐረግ ወደ ጎን ዞሯል። ከቀዳማዊ አባ ጅፋር ቀጥሎ ልጃቸው አባ ሬቡ ነገሡ፤ ከእሳቸው በኋላ ግን ዙፋኑ ወደ አጎታቸው ወደ አባ ቦካ ሄደ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የአባ ቦካ የልጅ ልጅ ናቸው።

የአጋሮዋ፦
ሴቶቹን አትርሷቸው እንጂ! የበርናርድ የመጀመሪያ ልጅ አን በዚያው በ1975 የኸሪስን ማዕረግ ከአባቷ ወርሳለች። የስኮትላንድ ማዕረግ ነው፤ ለሴትም ይወርዳል፤ አባቷም ያገኙት ከእናታቸው ነው። መስፍኖቹ የሚኖሩበት የአሩንዴል ግንብ ራሱ ወደ ሐዋርዶች የመጣው በአራተኛው መስፍን ሚስት በሜሪ ፊዝአላን በኩል ነው። ዛሬ ቤተሰቡ ፊዝአላን ሐዋርድ ይባላል። የሜሪ አባት ያለ ወንድ ወራሽ ነው የሞቱት፤ ስማቸው ግን ይኸው አለ።

የሂርማታዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአጋሮዋ እህቴ፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርሽን ለእህቶቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እኔ እስከ ዛሬ ወንዶቹን ብቻ ነበር የምጽፈው፤ ሜሪንና አንን አሁን በቀይ እስክሪብቶ አስገባኋቸው። መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ወደ ላይ ስቆጥር በ1777ም በ1815ም ማዕረጉ እንዲሁ ወደ ሩቅ ዘመድ ዞሯል። ወረቀቱ ስላልበቃኝ ሌላ ቀን መቁጠሪያ ቀጥዬበታለሁ።