ዶክሲሳይክሊን ለምን ለዚህ ሁሉ በሽታ ይታዘዛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) 100 ሚሊግራም ለተስቦም፣ ከከብት ለሚተላለፈው ለብሩሴላም፣ ለብልት ፈሳሽም፣ ለብጉርም ይታዘዛል። ወባ ለመከላከልም የሚወስዱት አሉ። አንድ ካፕሱል ይህን ሁሉ እንዴት ይችላል? ከወተት ጋር አይወሰድም የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ 1፦
ባክቴሪያ ለመራባት ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ የሚሠራው ደግሞ በራይቦዞሙ ነው። ዶክሲሳይክሊን የራይቦዞሙን ትንሹን ክፍል (30ኤስ) ይዞ አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣው ቲአርኤንኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ፕሮቲን ሲቋረጥ መራባቱም ይቆማል፤ የቀረውን የሚያጸዳው የሰውነት መከላከያ ነው።

ራይቦዞም የሌለው ባክቴሪያ ስለሌለ ነው ብዙ ዓይነቱን የሚይዘው። ፔኒሲሊን የሚመታው የባክቴሪያውን ግድግዳ ስለሆነ ግድግዳ የሌለውን ማይኮፕላዝማ አይነካውም፤ ዶክሲ ግን ይሠራበታል። በዚያ ላይ ሴል ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ እዚያ የሚደበቁትን ሪኬትሲያን (የተስቦ ባክቴሪያ) እና ክላሚዲያን (የብልት ፈሳሽ ከሚያመጡት አንዱ) ያገኛቸዋል። የወባ ጥገኛ ባክቴሪያ ባይሆንም የባክቴሪያ ዓይነት ራይቦዞም ያለው አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል አለው፤ መድኃኒቱ የሚያጠቃው እሱን ነው። ግን አዝጋሚ ነው፤ የታመመን ሰው ብቻውን አያድንም።

መልስ 2፦
ትክክል። መጠኑ ግን እንደ በሽታው በጣም ይለያያል። ለአዋቂ ክላሚዲያ 100 ሚ.ግ. በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ብሩሴላም በቀን 2 ጊዜ፣ ግን ለ6 ሳምንት፣ ያውም ከሪፋምፒሲን ወይም ከስትሬፕቶማይሲን ጋር፤ ብቻውን ከተወሰደ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። በቅማል ለሚተላለፈው ተስቦ 200 ሚ.ግ. አንድ ጊዜ ሊበቃ ይችላል (ታይፎይድ ሌላ ነው፣ አይምታታ)።

ለወባ መከላከያ በቀን አንድ 100፣ ከጉዞ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚያቋርጠው ይህችን 4 ሳምንት ነው፤ ጥገኛው ከጉበት ወደ ደም የሚወጣው ዘግይቶ ስለሆነ ከተመለሱ በኋላ ይታመማሉ።

ስለ ብልት ፈሳሹ፦ ጨብጥ ከሆነ ዶክሲ ብቻውን አይበቃም፣ የሴፍትሪአክሶን መርፌ ያስፈልጋል። በቅማል የሚመጣው የሚያገረሽ ትኩሳት ደግሞ ጤና ተቋም ውስጥ ይታከም። የመጀመሪያው መድኃኒት በገባ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል።

መልስ 3፦
የወተቱ ነገር እውነት ነው፣ ግን ይጋነናል። ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ዶክሲ ላይ ያለው ጉዳት ከድሮው ዘመዱ ከቴትራሳይክሊን ያነሰ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው የብረት ኪኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ነው። ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት አራርቋቸው።

ሌላው የውሃው ጉዳይ። በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው የሚተኛ ሰው ካፕሱሉ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል፤ ለመዋጥ እስኪቸገር ድረስ። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ካቅለሸለሸ ከምግብ ጋር ይወሰድ። መድኃኒቱን የሚወስድን ሰው ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ያቃጥለዋል።

እርጉዝ ሴትና ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ለዘለቄታው ሊያበልዝ ይችላል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጉንፋንስ?

መልስ 1፦
አይሠራም። ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም የለውም፣ ስለዚህ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከቤት የተረፈውን ደግሞ ቀኑን ሳታይ አትውሰድ፤ ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን ኩላሊት እንደጎዳ ይታወቃል።